ተረከዜ ያስተማረኝ ሶብር



ተሰብስበን ስለ ጤና ስንጫወት ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ልብ፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነው። ስለ ተረከዝ የሚያወራ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ተረከዝ ከአካላችን ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ሸክማችንን ሁሉ ችሎ፣ ምስጋና ሳይጠይቅ የሚያገለግለን ክፍል ነው። ጤነኛ ሳለ መኖሩን እንኳ አናስታውሰውም። የታመመ ዕለት ግን ከአልጋ እስከ በር ያለችው መንገድ ምን ያህል ረዥም እንደሆነች ያሳየናል።

ዛሬ ስለዚሁ ከእርስዎ ጋር ልጨዋወት ፈለግሁ። ጉዳዩ ዕድሜ አርባን ከተሻገረ በኋላ፣ ያውም በታመመ እግር፣ ለረዥም ርቀት ሩጫ ስለ መዘጋጀት ነው። «እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ ምን አገባኝ?» ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። እኔም ሯጭ አልነበርሁም። ደግሞም የማነሣው ነገር በሩጫ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሕመምን እንዴት መስማት እንዳለብን፣ ሶብር የምንለውም ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ የሚመለከት ነው።

ለምን ሩጫ?

ዕድሜዬ 48 ዓመት፣ ሙያዬም መምህርነት ነው። 24 ዓመት ያህል በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ፣ ጠመኔ ይዤ አስተምሬአለሁ። 43ኛ ዓመቴን በያዝሁበት ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ወደ ሕክምና ሄጄ ደሜ ሲመረመር የስኳሬ መጠን ከፍ ማለቱ ታወቀ። ሐኪሙ፣ «በሽታው ቤትዎ አልገባም፤ ደጃፍዎ ላይ ግን ቆሟል» አለኝ። ከዚያም ክብደት እንድቀንስና አዘውትሬ እንድንቀሳቀስ መከረኝ።

ይህ ቃል ለእኔ ቀላል አልነበረም። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ውስጥ እግራቸውን አቆሰለቻቸው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛልና ጠጠሯ ቀኑን ሙሉ ስትወጋቸው አልተሰማቸውም። መቁሰላቸው የታወቀው ማታ ካልሲያቸው በደም ርሶ ሲታይ ነው። በሽታው የደም ዝውውርንም ስለሚያውክ ቁስሉ ሊድን አልቻለም፤ በመጨረሻ ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ። ቀሪ ዘመናቸውን በምርኩዝ ሲገፉ አይቻለሁ።

ስለዚህ መንቀሳቀስ ለእኔ የመዝናኛ ጉዳይ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እኔም ከሱብሒ ሰላት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ በእግር መሄድ ጀመርሁ። ከሦስት ወር በኋላ እርምጃው ወደ ሶምሶማ ተለወጠ። በዓመቱ ደሜን ስመረመር የስኳሬ መጠን ወደ ጤናማው ልክ ወርዶ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ!

ይሁንና ቀጠሮ የሌለው እንቅስቃሴ ይሰንፋል። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ እንግዳ አለ፣ ከነገ ወዲያ ፈተና ማረም ይደርሳል። ስለዚህ ለራሴ ቀጠሮ ያዝሁ፤ ቀጠሮውም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነበር። ይህ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ሲጀመር የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንደነበር ይታወሳል። በዚህ ሩጫ ከታወቁት አትሌቶች ኋላ ማሸነፍን የማያስብ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይከተላል። እኔም ከዚያ ሕዝብ መካከል አንዱ ልሆን ተነሣሁ። ተረከዜ የታመመው እንግዲህ ለዚህ በመዘጋጀት ላይ ሳለሁ ነው።

የንጋቱ የመጀመሪያ እርምጃ

የዚህ ሕመም ምልክቱ አንድ ነው፤ አንዴ የቀመሰው ሰው አይስተውም። ለሱብሒ ተነሥተው እግርዎን ወለል ላይ ሲያሳርፉ ሚስማር የረገጡ ይመስልዎታል። ግድግዳ ይዘው፣ በጣትዎ እየረገጡ፣ እያነከሱ ወደ ውዱእ ቦታ ይሄዳሉ። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሕመሙ ይለዝባል። «ተሻለኝ» ብለው ቀኑን ይጀምራሉ። ጥቂት ተቀምጠው ሲነሡ ደግሞ ሚስማሩ ይመለሳል።

ሕክምናው ይህን ሕመም ፕላንታር ፋሽያይተስ ይለዋል። ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት ደጋንና አውታሩን ያስቡ። የእግራችን አጥንቶች እንደ ደጋን የጎበጡ ናቸው። ደጋኑን ከሥር ወጥሮ የሚይዘው አውታር ደግሞ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጅማት መሰል ጠንካራ አካል ነው። ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ተዘርግቶ ስለሚያድር አውታሩ አጥሮ ያድራል፤ ንጋት ላይ የሰውነታችን ክብደት በድንገት ሲያርፍበት ይጮኻል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከሁሉ የምትከፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ አውታር የሚሸከመውን ነገር ስሌት ላሳይዎት። በሶምሶማ ሩጫ አንድ እግር መሬት በነካ ቁጥር ከሰውነታችን ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ያርፍበታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ቢያንስ 140 ኪሎ ያሳርፋል ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትር በዝግታ ሲሮጥ በግምት 10 ሺህ ጊዜ ይረግጣል፤ ለእያንዳንዱ እግር 5 ሺህ ጊዜ ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከመዳፍ በማትበልጥ ቦታ ላይ ነው! ሱብሓነላህ፣ እግር እንዲህ ሆኖ መፈጠሩ ራሱ ሊደንቀን ይገባል።

በዕድሜ መካከል ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ተረከዝ ሥር ያለው የስብ ትራስ ልስላሴውን እያጣ ይሄዳል፤ የባት ጡንቻም እየደረቀ ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሯጮችን ብቻ ግን አይምረጥ፤ አስተማሪውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ የጥበቃ ሠራተኛውን፣ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ቆማ የምትውለውን እናት ሁሉ ይይዛል።

ሁለት ዓይነት መካሪዎች

ውድ አንባቢ፣ አገራችን ምክር የሚያጥርባት አገር አይደለችም። ማነከሴን ያየ ሁሉ መከረኝ። ምክሩን ሰብስቤ ሳየው በሁለት ተከፈለ።

የመጀመሪያዎቹ «ተወው» ባዮች ናቸው። «በዚህ ዕድሜህ ማን አባረረህ? ሩጫ የልጅ ነው፤ ይልቅ አርፈህ ተቀመጥ» ይላሉ። የአንዳንዶቹ ምክር ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ አልተቀየምሁም። ነገር ግን ሩጫ የልጅ ብቻ አይደለም። በሱነን አቡ ዳውድ እንደተዘገበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር የእግር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ አንድ ጊዜ እርሷ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እርሳቸው ቀድመዋል። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ ነበር። እንግዲህ ከሃምሳ በኋላ መሮጥ የሚያሳፍር ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልደረሰን ነበር።

ሁለተኛዎቹ «ቻለው» ባዮች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው ጧት ጧት ሜዳ ላይ የማገኛቸው ወጣቶች ናቸው። «አባባ፣ ሕመሙን አይስሙት፤ ረግጠውት ይለፉ! ጀግና እያመመውም ይሮጣል» ይሉኛል። ይህም ምክር ከልብ ነው። ለጆሮም ያስደስታል።

እኔ ግን በሁለቱም ምክሮች ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሕመምን ንጉሥ አድርገውታል፤ ተናገረ ማለት ተፈረደ ማለት ነው። ሁለተኛዎቹ ጠላት አድርገውታል፤ ድል ካልተመታ አይሆንም። የአባቴን እግር ያየሁ ሰው ግን ሕመምን በሁለቱም ዓይን ላየው አልችልም። የአባቴን እግር የወሰደው ሕመም አይደለም፤ ሕመም አለመኖሩ ነው። ያቺ ጠጠር ብታሳምማቸው ኖሮ ጫማቸውን አውልቀው ባራገፏት፣ ነገሩም በዚያው ባበቃ ነበር። መልእክተኛው ስላልመጣ እግራቸው ሄደ። የእኔ ተረከዝ ሲጮኽ ግን መልእክተኛው በየማለዳው በሬን እያንኳኳ ነው። መልእክተኛን ደግሞ አይሰግዱለትም፤ አይደበድቡትም። ያስገቡታል፣ የያዘውን ይሰሙታል፤ ከዚያም የሚገባውን ያደርጋሉ።

ስለዚህ መልእክቱን የሚያነብልኝ ፈለግሁ። ወጌሻ በዘይት አሹልኝ፤ ለአንድ ቀን ቀለለኝ፤ ተመለሰ። ራጅ ተነሥቼ ከተረከዜ አጥንት ሥር እንደ እሾህ የወጣች ጉጥ ታየች። ብዙ ሰው ይህችን እሾህ ሲያይ «ትውጣልኝ» ይላል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ግን ይህች ጉጥ ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይም ትገኛለች፤ ስለዚህ ብቻዋን ተጠያቂ አትሆንም። ተረከዝ ላይ የሚወጋ መርፌ መኖሩንም ነገረኝ፤ ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ሊያስታግሥ እንደሚችል፣ አንዳንድ ጊዜ ግን አውታሩን እስከ መበጠስ እንደሚያደርስ ጨምሮ አስጠነቀቀኝ። ከዚያም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከኝ።

ባለሙያዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። እግሬን ካየች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ሩጫውን ጨርሰው አይተዉትም፤ እንደ በፊቱም አይሮጡም። ከዜሮ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ሲሮጡ ሕመሙ ከሦስት ካልበለጠ፣ በማግሥቱ ንጋትም ካልባሰ፣ መጠኑ ትክክል ነው። ከዚያ ካለፈ ይቀንሱ። እግርዎ ራሱ ይነግርዎታል።»

ሦስቱ ሶብሮች

ዑለማዎች ሶብርን በሦስት እንደሚከፍሉ በመድረሳ ተምረናል፤ የታዘዝነውን በመሥራት ላይ መጽናት፣ ከተከለከልነው መታቀብና በደረሰብን ላይ መታገሥ ናቸው። ይህ ክፍፍል ለዲን ጉዳይ የተነገረ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ከተረከዜ ጋር ስኖር ሦስቱም በየተራ መጥተው በሬን አንኳኩተዋል፤ ስለዚህ በዚሁ ቅደም ተከተል ላጫውትዎት።

የመጀመሪያው በመሥራት ላይ መጽናት ነው። የታዘዘልኝ ነገር ትንሽና አሰልቺ ነበር። ንጋት ላይ ከአልጋ ሳልወርድ ቀኝ እግሬን በግራ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጣቶቼን ወደ ቅልጥሜ እስባለሁ፤ እስከ አሥር ቆጥሬ እለቃለሁ፤ ይህን አሥር ጊዜ እደግማለሁ። ቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲሁ። ሁለተኛው የደረጃ ሥራ ነው። ፎጣ ጠቅልዬ ጣቶቼን በፎጣው ላይ፣ ተረከዜን ከደረጃው ውጭ አደርግና በሦስት ሰከንድ ቀስ ብዬ ወደ ላይ እነሣለሁ፤ ሁለት ሰከንድ እቆያለሁ፤ በሦስት ሰከንድ እወርዳለሁ። ይህን 12 ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ። ሲቀልለኝ ቦርሳ ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍት ጨምሬ በጀርባዬ እሸከማለሁ። መምህር ነኝና መጻሕፍት አላጣሁም!

የዚህ የደረጃ ሥራ ጥቅም በጥናት የታየ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ ጅማቱን በመሳብ ብቻ የታከሙትን፣ በዚህ ዓይነት የማጠንከሪያ ሥራ ከታከሙት ጋር አነጻጽረዋል። በሦስት ወር ላይ የማጠንከሪያው ሥራ በልጦ ተገኝቷል፤ በአንድ ዓመት ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ተቀራርበዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው የታመመ ጅማት ዕረፍት ብቻ ሳይሆን የተመጠነ ሥራም እንደሚፈልግ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ራሱ መድኃኒት መሆኑ ነው። ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ሥራ ያለውን ዋጋ ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማ አድገናል። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉም ስለ እግር መናገራቸው ያለ ነገር አልመሰለኝም።

ሁለተኛው መታቀብ ነው። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። አንድ ቀን ጧት እግሬ ቀለል ይለኛል፤ አየሩ ይስማማል፤ ጓደኞቼ ወደ እንጦጦ አቀበት ሲወጡ አያለሁ። በዚያን ጊዜ የዕለት ድርሻዬን አራት ኪሎ ሜትር ጨርሼ ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበረታሉ፤ ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ አይበዛለትምና ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ልብ «እችላለሁ» ሲል ጅማት ገና «ቆይ» እያለ ነው። በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ መቆም የሯጩ ሥራ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ከመታቀብ ወገን ሌላም አለ። በባዶ እግር በሲሚንቶና በሸክላ ወለል ላይ መሄድ ቀርቷል፤ ከአልጋዬ ሥር ወፍራም ሶል ያለው ነጠላ ጫማ ይጠብቀኛል። ክፍል ውስጥም በየመሀሉ ወንበር ስቤ ተቀምጬ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሣቁ፤ ኋላ ለመዱት። በረመዷን ደግሞ ሩጫውን ከመግሪብ በፊት ወደ 20 ደቂቃ እርምጃ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ወሩ ለነፍስም ለተረከዝም ዕረፍት ይሆናል።

ሦስተኛው በደረሰብን ላይ መታገሥ ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት ይህ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ነገር ግን ከብዙ ወራት እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የእኔ 14 ወር ወሰደ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁሉ ያሳሰበኝ ሰላቴ ነበር። እንደሚያውቁት በተሸሁድ ስንቀመጥ ቀኝ እግራችንን አቁመን ጣቶቹን ወደ ቂብላ እናጥፋለን። ይህ አቀማመጥ ያንን አውታር የሚወጥረው ነውና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላቡ ግንባሬ ላይ እስኪወጣ አመመኝ። የመስጊዳችንን ሸኽ ብጠይቃቸው፣ «ያመመው እንደሚመቸው ይቀመጣል፤ ዲናችን ገር ነው፤ አላህ የሰጠህን ፈቃድ አትመልስ» አሉኝ። እግሬን አጥፌ ተቀመጥሁ። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲለዝብ ቀስ እያልሁ ወደ ነባሩ አቀማመጥ ተመለስሁ። ባለሙያዋ ካዘዘችልኝ ጣት የመሳብ ሥራ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያስተዋልሁት ያኔ ነው። ሰላት የታዘዘው ለጅማት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰላት ዒባዳ ነው። ሆኖም ጣቶቼ ያለ ሕመም ወደ ቂብላ የታጠፉ ዕለት ከማንኛውም ሩጫ ፍጻሜ የበለጠ ደስ እንዳለኝ ልደብቅዎት አልችልም።

ከታላላቆቹ የምንማረው

«ቻለው» ባዮች ሁልጊዜ የሚጠሩት የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ነው። እውነት ነው፤ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። በ1964ም ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዳግመኛ ድል አድርጓል። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋርጦ ወጣ። በዓለም ላይ ከእርሱ የበለጠ ጽናት ያለው ሰው ሊጠራ በማይቻልበት ጊዜ፣ እርሱ ራሱ እግሩን ሰምቶ ቆመ። መንገዱን የጨረሰውና የወርቁን ሜዳልያ ያመጣው የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነበር።

በማግሥቱ ዓመት አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ያን ጊዜ «ሁሉም አበቃ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በ1970 በእንግሊዝ አገር በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፈለ። ሮም ላይ ያየነው ጽናት እግሩ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእግሩ ጋር አብሮ በሞተ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ቀነኒሳ በቀለን እናገኛለን። የባቱና የተረከዙ ጅማት ጉዳት ለዓመታት ሲያመላልሰው የኖረ አትሌት ነው። ብዙዎች ዘመኑ አልፏል ብለው ከተናገሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። እኔና እርስዎ እንደ ቀነኒሳ እንሮጣለን ለማለት አይደለም። አርባ ዓመት ግን የመቃብር አፍ እንዳልሆነ ያስረዳናል።

ፍሬው

ታዲያ ምን ተገኘ? ሕመሙ በጀመረ በ14ኛው ወር ንጋት ላይ ያለ ግድግዳ ድጋፍ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ በነበረው ኅዳር 10 ኪሎ ሜትሩን በየመሀሉ አንድ አንድ ደቂቃ እየተራመድሁ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረስሁ። ብዙ ሺህ ሰው ቀድሞኛል፤ ጥቂት ሺህ ሰው ቀድሜአለሁ። ከሁሉ የበለጠው ውጤት ግን በማግሥቱ የታየው ነው፤ ተረከዜ እንደ ትናንቱ ነበር። ዛሬ ለግማሽ ማራቶን፣ ማለትም ለ21 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እሮጣለሁ፤ ሲቻል በአፈር መንገድ። በሌሎቹ ቀናት እራመዳለሁ፣ ደረጃዬ ላይ ወጥቼ እወርዳለሁ። ስኳሬም እስካሁን ደጃፉን ለቆ እንደሄደ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ከእርስዎ ከመለየቴ በፊት ጥቂት ላሳስብዎት። ተረከዝዎን ካመመዎት የዚህን ጽሑፍ ምክር ብቻ ይዘው አይቀመጡ። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣዎ ከሆነ፣ እብጠት ወይም መደንዘዝ ካለው፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ ሲጫኑት አጥብቆ የሚያምም ከሆነ ሌላ ጉዳት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይዩ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ደግሞ እግርዎን በየማታው ይመልከቱ፤ ውስጥ እግርዎን በመስተዋት ይዩት፣ ወይም ልጅዎ እንዲያይልዎት ያድርጉ። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ያራግፉት። ይህችን አደራ በአባቴ ስም ተቀበሉኝ።

ሶብር ማለት ጥርስን ነክሶ ሕመምን አለመስማት መስሎ የሚታየን ብዙዎች ነን። በእግሬ እንደተማርሁት ግን ታጋሽ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚሰማ ሰው ነው። የሚሠራውን በመጠኑ ይሠራል፤ የሚተወውን በጊዜው ይተዋል፤ የማይለወጠውን አላህ እስኪለውጠው ይጠብቃል። ትዳር ውስጥም፣ ልጅ በማሳደግም፣ በሥራ ቦታም የምንሸከመው ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። አንዳንዱ ሸክም ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ መጠኑን ያገኛል፤ መጠኑን ያገኘ ደግሞ ረዥም መንገድ ይሄዳል።

አካላችን የተሰጠን አደራ ነው፤ ተረከዛችንም ከዚያው አደራ ውስጥ ነው። አላህ ያመመውን ይማርልን፣ የደከመውን ያበርታልን፣ ጤነኛውንም ጤንነቱን የሚያስታውስ ያድርገው። አሚን!